ባትሪ ቆጣቢው ሾፌር

በመጋቢት ልደታ ዕለት ጠዋት ጋሽ ሸዋንግዛው ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ከአራተኛ ፎቅ የሚወርዱት በእግራቸው ሳይሆን በጎረቤት ጉልበት ነበር። በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ቦጂያ ከፊት፣ ኸይረዲን ከኋላ ይዘዋቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት ጃንጥላ አንጠልጥለው፣ የሚያማቸውን ጉልበት እየደገፉ ከኋላ ይከተላሉ። የልደታ ኮንዶሚኒየም ሰው ለጎረቤቱ የማይሆነው የለም፤ ችግሩ ደግነቱን የት ላይ ማቆም እንዳለበት አለማወቁ ነው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዳቦ ገዝታ ከምትመለስ ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ኢሊሊ ትባላለች፤ በዚያው ሕንፃ በቅርቡ የተከራየች ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ የደከመ ሰውነትን በእንቅስቃሴ መመለስ ሥራዋ ነው። ለማሳለፍ ግድግዳውን ተጠግታ ሰላምታ ሰጠች።

"እንደምን አደሩ አባባ? ምን ነክቶዎት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ልቤ ላይ ባትሪ ተደርጎልኝ ነው።"

"እግዜር ይማርዎ። መቼ ተደረገልዎ?"

"ከመስቀል በኋላ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ መራመድ የከለከለዎ ማን ነው?"

"ማንም አልከለከለኝም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው ረጋ ብለው። "እየቆጠብኩት ነው።"

ኢሊሊ ሳቋ መጣ፤ የሽማግሌው ፊት ግን የቀልድ አልነበረምና ዋጥ አደረገችው። ከሰዓት በኋላ መጥታ ብትጠይቃቸው ይፈቅዱላት እንደሆነ ለመነቻቸው። ቤታችን ቤትሽ ነው አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ዕድሜያቸውን የጨረሱት የጭነት መኪና ሲነዱ ነው። ባትሪ እንዳይደክምባቸው ማታ ቁልቁለት ፈልገው ያቆማሉ፤ ጠዋት መኪናዋን ቁልቁል ለቀቅ አድርገው ሞተሩን ያስነሳሉ። ይህ ብልሃት ከሾፌር ሁሉ ያስመሰግናቸው ነበር። ባለፈው ክረምት ልባቸው ምቱ እየዘገየ በየመንገዱ ቢጥላቸው፣ ሐኪሞች ምቱን የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ከደረታቸው ቆዳ ሥር አስቀመጡላቸው። መሣሪያው በባትሪ እንደሚሠራ ሲሰሙ ግን ያ የድሮ ብልሃት ተከትሏቸው አልጋ ላይ ወጣ። ከመኝታ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ መኝታ ሆነ ኑሯቸው። ሲፈትሹት ባትሪዬን ይበሉብኛል ብለው የሐኪም ቀጠሯቸውን እንኳ ዘለሉ። ጠያቂውም ሁሉ "ይረፉ፣ አይነሱ" እያለ ትራስ ያመቻችላቸዋል።

ኢሊሊ በቃሏ መጣች። ብርቱካን አስቀምጣ፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

"ጋሽ ሸዋንግዛው፣ መራመድ ባትሪውን ይጨርሰዋል ያለዎት ማን ነው?"

"ማን ይለኛል? ከባትሪ ጋር አይደል የኖርኩት። ሥራ የበዛበት ባትሪ ቶሎ ይሞታል።"

"የእርስዎ ባትሪ ቢተኙም ቢሄዱም ልብዎን መጠበቁን አይተውም። ለብዙ ዓመት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ደረጃ ስለወጡ አያልቅም። ስንት እንደቀረውም የሚታወቀው በዚያ በዘለሉት ፍተሻ ነው። ፍተሻ ማለት እኮ የነዳጅ ጌጅ እንደማየት ነው። ጌጅ አይቶ ነዳጅ ያለቀበት ሾፌር ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አሉ ሳይወዱ። "ግን ልጄ፣ አንቺ ወጣት ነሽ፤ ለመናገር ይቀልሻል። እኔ እስከ በሩ ስደርስ ትንፋሼ ይቆረጣል። ይህ ባትሪው ሲደክም አይደለም?"

"እኔስ ከመተኛት የመጣ ነው እላለሁ። ቢሆንም በግምት አልናገርም፤ ሐኪምዎ ይየውና ይፍረድ። አሁን እርስዎ የሚያውቁትን ልጠይቅዎ። ደህና መኪና ለወራት ሳትነሳ ብትቆም ምን ትሆናለች?"

እዚህ ላይ ጋሽ ሸዋንግዛውን ሙያቸው ቀደማቸው።

"ምን ትሆናለች፣ ትበላሻለች እንጂ! ጎማዋ ይሰነጠቃል፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ ዝገት ይበላታል። መኪና የሚገድለው መንገድ ሳይሆን መቆም..." አሉ። እጃቸው ከስቶ ወደቀረው ጭናቸው ሄደ።

ወይዘሮ ወለተሰንበት እስከዚያ ድረስ በር ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። በሁለት እጃቸው ጀሪካን ይዘዋል፤ ውኃ ጠፍቶ ከግቢው ሞልተው ማምጣታቸው ነው። ጀሪካኑን አስቀመጡና ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ሸዋዬ፣ አንተ ባትሪህን ትቆጥባለህ፤ የእኔን ጉልበት ማን ይቆጥብልኝ? ደግሞ ሐኪሞቹ አትርፈው ሰጡኝ ብዬ ስለቴን ያስገባሁት አብረኸኝ እንድትኖር ነው። አንተ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቆመህ ቀረህ።"

ብዙ የተማረ ሰው በክርክር የረታ የሚመስለው እውነቱን ስለተናገረ ነው። እውነት ግን ብዙ ጊዜ ከሰው ልብ የሚገባው በሚወደው ሰው ድካም በኩል ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው የሚስታቸውን ጉልበት አዩ፤ ጀሪካኑን አዩ፤ አፈሩ።

"ልክ ነሽ፣ ወለቴ" አሉ። "ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

ሐኪሙ መሣሪያውን ፈትሾ ባትሪው ገና ለዓመታት እንደሚያገለግል፣ ሲራመዱም የልባቸውን ምት ከእርምጃቸው ጋር እንደሚያስተካክለው ነገራቸው። በርከት እያደረጉ እንዲሄዱ፣ ማዞር ወይም የደረት ሕመም ከተሰማቸው ግን አርፈው ወዲያው እንዲመጡ አዘዛቸው። የመሣሪያው ሽቦ እንዳይበጠስ ብለው ሲያቅፉት የከረሙትን ግራ እጃቸውንም እንዲያንቀሳቅሱ ፈቀደላቸው።

ከዚያ በኋላ ኢሊሊ በየማለዳው በራቸውን ታንኳኳለች። መጀመሪያ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ቀጥሎ አንድ ፎቅ፣ ሲደክማቸው አረፍ፣ እንደገና ቀስ። አንድ ሰሞን እግራቸው እየተንቀጠቀጠ "ተይኝ በቃ" ብለው ነበር፤ ወይዘሮ ወለተሰንበት ጀሪካኑን አንስተው ከፊታቸው ሲያልፉ ቃላቸውን ዋጡ። ኸይረዲንና ቦጂያም መሸከሙን ትተው በየፎቁ ማረፊያ በርጩማ አስቀመጡላቸው። ይህኛው ደግነት ከፊተኛው ይበልጥ ነበር።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ንፍሮውን ይዞ ግቢ ተሰበሰበ። ኸይረዲን "ጋሼን እንጥራቸው" ብሎ ሊነሳ ሲል፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ከደረጃው ብቅ አሉ። እርምጃቸው ዝግ ያለ፣ ትንፋሻቸው የተረጋጋ ነው። በቀኝ እጃቸው የያዙት ያንኑ የፕላስቲክ ወንበር ነበር።

"ይመርቁ፣ ይመርቁ" አላቸው ሰዉ።

"እኔ ዛሬ ማመስገን ነው ያለብኝ" አሉ ቆመው። "ልቤን ሠርቶ ለሰጠኝ፣ ሲታመም በሐኪም እጅ ላደሰልኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። የተሸከማችሁኝም በእግሬ ያቆማችሁኝም ተባረኩ። ኢሊሊዬ፣ ወልደሽ ሳሚ። ልጆቼ፣ ይኸው ከተራመድኩ ወዲህ እህል ይጣፍጠኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ እሳለማለሁ፣ ትንሿን ጀሪካንም እኔው አወጣለሁ። የታመመ ጠይቁ፤ ሐኪሙ ተነሣ ካለው ግን ተኛ አትበሉት፤ ክንዱን ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ። ለከርሞ በሰላም ታድርሰን።"

"አሜን" አለ ግቢው።

ቦጂያ ወንበሩን ተቀብሎ ሊያስቀምጣቸው እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሸዋንግዛው አልሰጡትም። ጥላ ያለበት ቦታ ወስደው አመቻቹትና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ወለቴ፣ ነይ ተቀመጪ። ጉልበትሽን አሳርፊ።"

ወይዘሮ ወለተሰንበት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ንፍሮውንም ዘግነው ያቀረቡላቸው ጋሽ ሸዋንግዛው ነበሩ።