የሹፌሩ ሦስት ሰከንድ

ረፋድ ላይ፣ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ፤ አንጋፋው የመድረክ ተዋናይ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ከሰዓት በኋላ ለውድድር የሚላከውን አጭር ኮሜዲ ፊልም ከምታቀናብረው ከፍሬገነት ጀርባ ቆመዋል።

ሸዋንግዛው፦ አውጪው ብያለሁ። ምትኩ እኮ ሹፌራችን ነው። ሽማግሌ ጎደለ ተብሎ ጋቢ ደርበንለት የገባ ሰው!

ፍሬገነት፦ ጋሼ፣ ትናንት ለሙከራ ስናሳይ ሰዉ የሳቀው እሱ ላይ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ምን አደረገና? ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብዬ የተማጸንኩት እኔ። ገጽ ተኩል ቃል ያጠናሁት እኔ። እሱ አፉንም አልከፈተ።

ፍሬገነት፦ ወንበሩን አየ።

ሸዋንግዛው፦ ወንበር ማየት ትወና ሆነ?

ፍሬገነት፦ ለሽምግልና የሄደ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም አይደል? እርስዎ ንግግሩን ሲያስረዝሙት ምትኩ ወንበሩን ሰረቅ አድርጎ ያያል። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ወንበሩ ይጠጋል። ማንም ሳይቀመጥበት ሲጢጥ የሚል ድምፅ አስገባሁበት።

ሸዋንግዛው፦ እንግዲያው ያሳቅሽው አንቺ ነሻ።

ፍሬገነት፦ እኔና ካሜራማኑ ነን። ምትኩማ ከንጋት ጀምሮ ሲነዳ ውሎ የምሩን ደክሞት ነበር።

ሸዋንግዛው፦ ታዲያ ባለቤቴ ለምን እሱን አመሰገነችው? ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ ስሠራ ፈገግ ብላልኝ የማታውቅ ሴት፣ ትናንት እንባዋን እየጠረገች «ያ ሰውዬ ገደለኝ» አለች። እራት ላይም ደገመችው። ምን ልደብቅሽ ፍሬ፣ ቀናሁ። አንጀቴ አረረ።

ፍሬገነት፦ እሱን ባወጣው እኮ ሰዉ እርስዎ ላይ አይስቅም።

ሸዋንግዛው፦ ለእኔም ድምፅ አስገቢልኛ።

ፍሬገነት፦ ሞክሬ ነበር። ዝም ስለማይሉ ማስገቢያ አጣሁ።

ሸዋንግዛው፦ ደፋር!

ፍሬገነት፦ አይቆጡ፣ ይቺን ይዩልኝ። ዳይሬክተሩ ቁረጥ ካለ በኋላ ካሜራው አልጠፋም ነበር። ምትኩ ወንበሩን ያያል። ቀጥሎ የእርስዎ ፊት። ሦስት ሰከንድ ጸጥታ። ከዚያ ሲጢጥ።

ሸዋንግዛው፦ ይሄ እኔ ነኝ? አቤት አስተያየት! ድገሚው እስቲ። ኧረ በስመአብ፣ ሆዴን አመመኝ በሳቅ። መቼ ነው እንዲህ የተወንኩት?

ፍሬገነት፦ አልተወኑም። የቀረጻው ልጆች በምትኩ ሲስቁ እርስዎ ዞር ብለው ያዩት ጊዜ ነው። የምር ቀንተው ነበር።

ሸዋንግዛው፦ እሱስ ልክ ነሽ። በይ ይሄን አስቀሪና የሱን አውጪ።

ፍሬገነት፦ ይኸው፣ ያለ ምትኩ ይዩት።

ሸዋንግዛው፦ ምን ሆኖ ነው ይሄ ሰውዬ? ቁርጠት የያዘው ነው የሚመስለው።

ፍሬገነት፦ የሚቀኑበት ሰው ከሌለ ምኑ ያስቃል? ይወስኑ ጋሼ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ደግሞ ለዚህ ቦታ እንዲገኝ ከንግግርዎ ግማሹ መውጣት አለበት።

ሸዋንግዛው፦ ግማሹ? ያን ሁሉ አጥንቼ?

ፍሬገነት፦ ግማሹ።

ሸዋንግዛው፦ ባለቤቴ ትስቃለች ትያለሽ?

ፍሬገነት፦ እርስዎስ አልሳቁም?

ሸዋንግዛው፦ እንግዲያው ንግግሩን ሙሉውን አውጪው። ምትኩ ግን ወንበሩን አንዴ ጨምሮ ይየው፤ እኔም አንዴ ጨምሬ ልቅናበት።