የቅዳሜዋ ማካካሻ

ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ንጋቷ? የትኛዋ ንጋቷ? … እንዴ፣ የኔዋ ተማሪ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጪው! … እናናየሁ፣ እስቲ ያንን ራዲዮ ቀንሺልኝ። ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት፣ እዚያው አንኮበር አስተማሪ የሆነችው።

እሺ፣ በይ። … ምን? … መልቀቂያ? … ጽፈሽ ጨርሰሻል? … ነገ ጠዋት ልታስገቢ?

ቆይ፣ መጀመሪያ አታልቅሺ። ምን አደረጉሽ? … ይተኛሉ። … ሁሉም? … ምን እያስተማርሽ? … የ1880ዎቹን የሲራራ ንግድ። … እና እንዴት አድርገሽ? … ከመጽሐፉ አጻፍሻቸው። … ስንት ገጽ? … ሦስት?

ሦስት ገጽ እኮ እኔንም ያስተኛኛል። … አልቀለድኩም፣ ተናድጄ ነው። ክፍልሽ መስኮት የለውም? … ከመስኮቱ ምን ይታያል? … ዳገቱ። ጨውና ቡና የተጫነ በቅሎ ሁሉ የወጣበት ዳገት አፍንጫቸው ሥር ተዘርግቶ አንቺ "ሲራራ ነጋዴ ማለት" እያልሽ ትርጉም ታጽፊያለሽ።

… ማን አረፈደች? … ኩብራ። … አባቷ ከታች ከአልዩ አምባ ገበያ በበቅሎ ጭነት ያመላልሳል። … በገበያ ቀን እሱን ጭነት አግዛ፣ ዳገቱን ወጥታ እስክትደርስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይገባል። … እና ምን አደረግሻት? … አስወጣሻት። … ዛሬ?

እናናየሁ፣ ጉድ ስሚ። ስለ ሲራራ ነጋዴ ልታስተምር ተነሥታ ባለ በቅሎውን ልጅ ከክፍል አስወጥታለች።

… ደንቡን አውቀዋለሁ፣ ንጋቷ፤ ደንብ አትንገሪኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሏል ይሄ ነው። ጭነት እንዴት እንደሚታሰር ታውቂያለሽ? የትኛው ጎን እንደሚቀድም? … እኔም አላውቅም። እሷ ግን ታውቃለች። ገመድ ይዘሽ ግቢ፣ አግዳሚ ወንበሩን በቅሎ አድርጊና "እስቲ ጫኚ" በያት። ማን እንደሚተኛ አያለሁ።

ሄሎ? … ድገሚው፣ ይቆራረጣል። … "እርስዎም እንዲሁ ነበር ያስተማሩን።" … እኔ? … ማን ተኛብኝ? … አንቺም? ፊተኛው ወንበር ላይ ሆነሽ?

እናናየሁ፣ ራዲዮውን ጭራሽ አጥፊው።

እሺ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ታዲያ ከኔ ምንም አልያዝሽም? … አንድ ቀን? የትኛውን? … ጠመኔ ያለቀ ለት። … አፋፉ ላይ ይዤያችሁ ወጣሁ። … አብዱልጀሊል! ሽማግሌው በቅሎ ነጂ፤ አስታወስኩት። ጭነቱ አዘመመበትና እናንተ ደግፋችሁ አቃናችሁለት። … ጨው ዝናብ እንዳይነካው በቆዳ ይሸፍኑት እንደነበር የነገራችሁ እሱ ነው? … ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ይዘሽ ኖርሽ? … አስተማሪ እሆናለሁ ያልሽው ያን ለት ነው።

እኔ ያን ቀን ምን ብዬ መዝገብ ላይ እንዳሰፈርኩት ታውቂያለሽ? "የባከነ ክፍለ ጊዜ።" … አዎ፣ ቅዳሜ ጠርቼ ማካካሻ አስገባኋችሁ። … አራት ገጽ አጻፍኳችሁ? … ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።

… አትቅደጂው ደብዳቤውን። ጀርባው ባዶ ነው አይደል? ኩብራ የምትነግርሽን ጻፊበት። … ብታረፍድስ? ብታረፍድማ ትጠብቂያታለሽ፣ ልጆቹም መስኮቱ ላይ ሆነው ዳገቱን እያዩ ይጠብቋት። … ገመድ ከየት? ከራሷ ነዋ፣ ከ… ሄሎ? … ትሰሚኛለሽ? … ንጋቷ?

ተቋረጠ።

… የለም እናናየሁ፣ ደህና ናት፤ ገመድ እየፈለገች ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ አንዲት ቀን ተይዛልኛለች። እሷንም ቅዳሜ በአራት ገጽ አካክሼያታለሁ።