ሦስት ገበያ፣ አንድ ውኃ

ኦዲሎን በቤልጅየም፣ በጌንት ከተማ ቦይ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት የመርከብ ማለፊያውን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ከድንች ጥብስ መሸጫው ደጅ ተሰልፎ ሳለ፣ በዩኒቨርሲቲ ስለ አክሲዮን ገበያ የምታስተምረውን የእህቱን ልጅ ሊዝሎትን አገኛት።

«እንኳን ደስ ያለዎት በይኝ! እኔና ሚስቴ ሬኒልደ ለጀልባዋ ባስቀመጥነው ገንዘብ ሰኞ አክሲዮን ልገዛበት ነው።»

«ጀልባዋን በሚያዝያ አይደል እንዴ የምትረከቧት?»

«እስከዚያ ይዋለዳላ!»

«ገበያው ቢወድቅስ፣ አጎቴ?»

«ሞኝ መሰልኩሽ? ሲሶውን ፓሪስ፣ ሲሶውን አምስተርዳም፣ ሲሶውን ፍራንክፈርት ነው የማደርገው። ፈረንሳዩ ቢከስር ጀርመኑን ምን አገባው? እነዚህ ሰዎች በምን ተስማምተው ያውቃሉ?»

ሊዝሎት ሳቀች። የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ በቃላት ብዛት ያደነቁራል፤ እሷ ግን ከመሸጫው ሦስት ስስ የእጅ መጥረጊያ ወረቀቶች ወሰደች። የሦስቱን ገበያዎች የአሥር ዓመት የዋጋ መስመር በየተራ ስልኳ ላይ እያወጣች፣ ወረቀቱን ከላዩ አድርጎ በብዕር እንዲከተለው ሰጠችው። ከዚያም ሦስቱን ደራርባ ወደ ፀሐይ አነሣቻቸው።

«ያንኑ መስመር ሦስት ጊዜ አስቀዳሽኝ!» ብሎ ጮኸ ኦዲሎን።

«የከተሞቹን ስም ራስዎ አንብበዋል። ትንንሹ ውጣ ውረድ ይለያያል፤ ትልቁ ውድቀት ላይ ግን ይኸው፣ አብረው ናቸው።»

«ምን አገናኛቸው?»

«ባለገንዘቡ። ፓሪስ የገዛው ፍራንክፈርትም ገዝቷል፤ የደነገጠ ጠዋት ሁለቱንም ይሸጣል። ድሮ የየአገሩ ገንዘብ፣ የየአገሩ ደንብ በመካከል ይቆም ነበር። አሁን ግን...»

«በሩ ተከፍቷል» አለ ኦዲሎን፣ ተራው ደርሶ የተቀበለውን ድንች እንደያዘ። ይህንንስ ማንም አያስተምረውም፤ በሩ ሲዘጋ የላይኛው ውኃ ላይ፣ የታችኛው ታች ይቆያል፤ ሲከፈት ይስተካከላሉ። «ታዲያ አክሲዮን ይቅርብኝ?»

«ለምን ይቀርብዎታል? አሥር ዓመት የማይነኩት ገንዘብ ቢወድቅም ለመነሣት ጊዜ አለው። የሚያዝያው ግን ባንክ ይቀመጥ።»

«ሬኒልደን ምን ልበላት? ‹ሦስቱም ባንድ ቀን አይወድቁም› ብዬ ምዬላታለሁ!»

«እውነቱን ይንገሯት።»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ሚስት የለሽ!»

ቢሆንም ነገራት። ሰኞም ባንክ ሄደ።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ሦስቱም ገበያዎች ከምሳ በፊት አብረው ወረዱ። በሚያዝያ ግን ሬኒልደ መሪ ይዛ፣ ኦዲሎን ገመድ ይዞ በአዲሲቱ ጀልባቸው እሱ ድሮ ይሠራበት ወደነበረው በር ደረሱ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚጠቀምበትን ገንዘብና በቅርብ የሚፈልገውን ለይቶ ያስቀመጠ ሰው እንዲህ ነው፤ ገበያው ሲናወጥ እንቅልፍ አያጣም፣ በጭንቀት አይሸጥም፣ ከሚስቱም አይጣላም።

«ውኃውን ላውርደው?» አለ አዲሱ በር ጠባቂ።

«አውርደው!» አለ ኦዲሎን እየሳቀ። «ዘንድሮ አብሬው የምወርደው በጀልባ ነው።»