ያልተጠየቀ አይናገር

አንዳንድ ክርክር ሰውን የሚያገኘው መሸሻ ሲያጣ ነው። ሽማግሌውን መሐንዲስ ያገኛቸው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ከዝናብ ተጠልለው ሳለ ነው። ዘወር ሲሉ የእህታቸው ልጅ፣ እሷም መሐንዲስ ናት፣ አንድ ፖስታ በደረቷ አቅፋ አጠገባቸው ቆማለች።

እኚህን ሰው ባልደረቦቻቸው «ቱንቢ» ይሏቸዋል፤ ግንበኛ የግድግዳን ቀጥ ማለት በሚያይበት ባለክር ክብደት ስም። ግድግዳም ሰውም ቀጥ ብሎ ካልቆመ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የመሐንዲሶች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ መተዳደሪያ ደንቡንም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ነጠላ ሰረዙን የነካ ሰው ጣታቸውን የቆረጠ ያህል ይቆጥሩታል። የእህታቸው ልጅ የነካችው ደግሞ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነው። ለቅዳሜው ጠቅላላ ጉባኤ «ይሻሻል» ብላ አቅርባለች። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ «ማንም አባል፣ ሠሪው ራሱ ካልጠየቀው በቀር፣ በሌላ አባል ሥራ ላይ አስተያየት አይሰጥም፤ የሰጠ ይሰረዛል።» የተሰረዘ ደግሞ የሙያ ፈቃዱን ያጣል።

«ደህና ዋልሽ፣ ደንብ አፍራሿ!» አሉ ቱንቢ፣ ግማሹን በቀልድ።

«ደህና ዋሉ፣ ጋሼ። አፍራሽ ከሚሉኝ አዳሽ ይበሉኝ።»

«ልጄ፣ አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። መሐንዲስ መሐንዲስን የሚበላበት ጊዜ ነበር። አንዱ ሥራ ለመንጠቅ ሲል የሌላውን ሕንፃ ‹ዛሬ ነገ ይወድቃል› እያለ ያስወራል። አንድ ጓደኛችን እንዲህ ስሙ ጠፍቶ ከሙያው ወጣ። ሕንፃው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ያንን አንቀጽ የጻፍነው ለእሱ አልቅሰን ነው።»

እውነታቸውን ነበር፤ እሷም አላቃለለችባቸውም። ክፉ ደንብ ብዙ ጊዜ ከደግ ሐሳብ ይወለዳል፤ ለመለወጥ የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው።

«ሐሜትን ለመከልከል እንደሆነ ይገባኛል» አለች። «ግን ጋሼ፣ ሐሜተኛ እንደሆነ ዛሬም በጓሮ ይገባል። በሩ ላይ ቆሞ የቀረው ደንብ አክባሪው ብቻ ነው።»

«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ሁሉም አፉን ከከፈተ ሕዝቡ ማንን ያምናል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ሕዝብ የሚያምነን ስለማንሳሳት አይደለም፤ ስህተት ስናይ የምንናገር ከሆነ ነው።»

«በደፈናው አትንገሪኝ! ምሳሌ ስጪኝ» አሉ፣ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ።

እሷ ዝናቡን ትንሽ አየችው።

«ትናንት ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄድኩ። በመግቢያው ላይ ያለው ሰገነት ከሥሩ ተሰንጥቋል፤ የውስጡ ፌሮ ብረት ዝጎ ኮንክሪቱን ገፍቶ ወጥቷል። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ የሚጠለሉት እዚያ ሥር ነው። ዛሬ ጠዋት ለማኅበሩ ኮሚቴ ብነግር ‹ሠሪው ጠይቆሻል?› አሉኝ፤ የሠሪውን ስም ስነግራቸው ደግሞ አቀረቀሩ። ርዕሰ መምህሯም ያለ መሐንዲስ ፊርማ በሩን አልዘጋም አለች። የራሴን ልጅ ቤት አስቀርቼዋለሁ። የሰውን ልጅ ግን ማን ያስቀርልኛል?» ፖስታውን አጥብቃ ያዘች። «ፈርሜበታለሁ። ልጆቹ ሳይወጡ ላደርሰው ነው፤ ዝናቡ እንዳያበላሽብኝ ብዬ ነው የቆምኩት። ከፈለጉ ይሰርዙኝ።»

ልጇን የምታሳድገው በዚያች ፈቃድ እንደሆነ ቱንቢ ያውቃሉ።

«ማን ነው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ዞር ብሎ የማያይ?» አሉ ተቆጥተው።

እሷ ዓይኗን ወደ ፖስታው መለሰች።

«የትኛው ትምህርት ቤት ነው?»

«ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ያለው።»

ከዘራቸው ከመሬት አልተነሣም። ያን ትምህርት ቤት የሠሩት እሳቸው ነበሩ። በተመረቀ ዕለት ይህችኑ የእህታቸውን ልጅ፣ ያኔ ሕፃን ሳለች፣ በትከሻቸው ተሸክመው ሰገነቱን አሳይተዋታል።

«ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልሽኝ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አልጠየቁኝማ፣ ጋሼ።»

ቱንቢ ፖስታውን ከእጇ ተቀብለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱና ዝናቡ ውስጥ ገቡ። «ነይ እንጂ! ይኸው፣ ሠሪው ጠየቀሽ።» ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ወረቀቱ ላይ ከፊርማዋ በላይ የራሳቸውን አኖሩ። በሩ ተዘጋ፤ ልጆቹ በጓሮ በኩል ወጡ።

ቅዳሜ ጉባኤው ፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው። «ስሜን እንዲጠብቅ የጻፍኩት አንቀጽ የሰው ልጅ ሊያስቀብረኝ ነበር» አሉ። ጉባኤው ተማክሮ አንቀጹን እንዲህ አሻሻለው፦ ለሰው የሚያሰጋ ነገር ያየ አባል ሳይጠየቅ ይናገር፤ በስሙ ይፈርም፣ ማስረጃውን ያሳይ፣ ሠሪውም በዚያው ቀን ይወቅ። በሐሰት የከሰሰ ይጠየቅበት። ከዚያ ወዲህ ሐሜቱ ራሱ ቀነሰ፤ ሐሜተኛ ስሙን መፈረም አይወድምና። መሐንዲሱም ስህተቱን ከፍርስራሽ ሳይሆን ከባልደረባው አፍ ይሰማ ጀመር። ይህን የመሰለ ጥቅም ከሽማግሌ ኩራት ቢበልጥ አይገርምም።

ከጉባኤው ሲወጡ ቱንቢ የእህታቸውን ልጅ ክንድ ያዙ።

«እሑድ ቤት ትመጫለሽ። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ስንጥቅ የመሰለ መስመር አለ።»

«ይኸውልዎ፣ ጠየቁኝ ማለት ነው?» አለች እየሳቀች።

«አልጠየቅሁሽም» አሉ። «አንቺ ግን ያየሽውን ንገሪኝ።»