የሽማግሌው መስታወት አደራ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሥራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ በዚህ አዳራሽ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አልቅሶ የሚሰናበት ሰው አይደለሁምና መሐረባችሁን አጥፋችሁ ወደ ኪሳችሁ መልሱት።

በዚህ የመስታወት ፋብሪካ የአሞኒያ ሽታ ጉሮሮዬን ሲልጠው ኖሯል። መስታወቱን የምንቀባው የብር ውሃ ጣቶቼን አጥቁሯቸዋል። በብርድ ወራት በውሃ ውስጥ ቆሜ መስታወት አጥቤአለሁ። በግራ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ የሰጠኝ ከመደርደሪያ የወረደ መስታወት ነው። "አመመኝ" ብዬ የቀረሁበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ ይነሣ።

ማንም አልተነሣም። እንደ ገመትሁት ነው።

እንግዲህ ስለ ሥራችን ልናገር። የመስታወት ቀለሙ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ "ብርማ ነው" ይላል፤ ተሳስቷል። ነጭ ወረቀትም መስታወትም ያረፈባቸውን ብርሃን ይመልሳሉ። ወረቀት ግን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ መስታወት እንደ ጨዋ መልእክተኛ ሥርዓቱን ጠብቆ ያደርሰዋል። ሆኖም ይህ መልእክተኛ በመንገድ ጥቂት ይቀምሳል። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ከሌሎቹ ቀለማት ይወስድና አረንጓዴውን ያሳልፋል። አንድ ጊዜ ቢቀምስ ማን ያውቅበታል? ሲደጋግም ነው የሚታወቅበት።

"ማፋጠጥ" የምንለው ልማዳችንም ከዚህ የመጣ ነው። አዲስ መስታወት ከመውጣቱ በፊት፣ በፍተሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው፣ "ሽማግሌው" ከምንለው አሮጌ መስታወት ፊት ለፊት ይቆማል። ፈታሹ በመካከላቸው ይገባል። የፊቱ ምስል አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ እየራቀም ሲሄድ እንደ ኩሬ ውሃ አረንጓዴ ይሆናል። ሰልፉ ከተጣመመ ወይም ቀለሙ ወደ ቢጫ ካደላ መስታወቱ አያልፍም።

ሽማግሌውን የምጠብቀው ፈታሽ እኔ ነበርሁ። ከእንግዲህስ ማን ይጠብቀው? በምሳ ሰዓት ስትንሾካሾኩ ሰምቻለሁ፤ ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። "መቼም ለልጁ ነው" ብላችኋል። ልጄ ጠርዝ ሞራጅ ነው፤ ይህን ቦታ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚመኝም አውቃለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ የመጣበትን ዕለት ታስታውሳላችሁ? መስታወቶቻችንን በሁለቱ ግድግዳዎቹ ላይ ፊት ለፊት ሰቅሎ፣ "አታላችሁኛል፤ ደንበኞቼ ሻጋታ መስለው ነው የሚታዩት" እያለ ገባ። ልጄ ፈጠን ብሎ፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ እንቀይርልዎታለን" አለው። ይህን ጊዜ መስታወት ቆራጯ መሣሪያዋን አስቀምጣ መጣች።

"ምኑን ነው የምትቀይረው? ጤነኛ መስታወት እኮ ነው" አለችው። ከዚያም ብር ያልተቀባ መስታወት አንሥታ ጠርዙን ለሰውዬው አሳየችው። አረንጓዴ ነበር።

"ቀለሙ ይኸው ነው፣ ጌታዬ። ፊት ለፊት ሲሰቅሉት ብርሃኑ በመካከል ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ከዚህ አረንጓዴ እየጨለፈ ይሄዳል።"

"ታዲያ እኔ እንዴት ልሥራ?"

"የፊተኛውን ያስተካክሉ። ከኋላ የተሰለፉት እንደሆነ አይከፍሉዎትም።"

ሰውዬው ሳቀ። መስታወቶቹም እስከ ዛሬ እዚያው ተሰቅለዋል።

ልጄ እጁ የተባረከ ነው፤ ሰው ማስቀየም ግን ይፈራል። የፍተሻ ክፍል ደግሞ ይሉኝታ ላሸነፈው አይሆንም። ቆራጯ ለእኔም ቢሆን፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ አያልፍም" ብላኛለች። ተቆጣሁ። መስታወቱ ግን አላለፈም።

ውሳኔዬን ዛሬ ጠዋት ለልጄ ነገርሁት።

"አባዬ፣ ከፍቶኛል" አለኝ። ቆየት ብሎም፣ "ግን የሷ ዓይን ይሻላል" አለ።

የሚያስቀይም እውነት ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያስቀየመውም ራሱን ነው። ኮራሁበት።

ባልደረቦቼ፣ እጃችሁ ከስለት፣ ደረታችሁ ከጭስ ይጠበቅ። ሥራችሁ በተሰቀለበት ቤት ሁሉ ደስ ያለው ፊት ይታይበት። ሽበታችሁንም በገዛ እጃችሁ በሠራችሁት መስታወት ለማየት ያብቃችሁ።

አሁን አደራዬን ላስረክብ፤ ሥራ አስኪያጁም ተስማምተውበታል። ሽማግሌው መስታወትና የፍተሻ ክፍሉ ቁልፍ የቆራጯ ናቸው። የመሞረጃ ድንጋዬ የልጄ ነው። የሞረደውን ይዞ ወደ እርሷ ሲመጣ ግን አንኳኩቶ ይግባ።