የኒሟ ጥላ እና የሮማው ሽማግሌ

ፋርሂያ፣ ምሳ በላሽ? እኔስ በዚህ ሙቀት ሐብሐብ ብቻ ነው የበላሁት። ከተማው ገና ከቀትር እንቅልፉ አልነቃም፤ ታይዋን ገበያችን እንዲህ ጭር ስትል ደስ ትለኛለች። ነይ፣ ሱሪዎቹን እያጣጠፍን እናውራ። ድምፄ ከፍ ካለ አትቆጪኝ... የእኔ የዓይናፋሯ ጉሮሮ ዛሬ ተከፍቷል።

ጋሽ ሲሞንን ታውቂያቸው የለ? ከዚራ ሰፈር የስፌት መኪና የሚጠግኑትን ካቶሊኩን። የአክስቴን የኤዶ ኢስታርን መኪና ላሠራ ሄጄ የአንድ የድሮ የሮማ ጳጳስ ታሪክ አጫወቱኝ። ሴለስቲኖስ ይባላል። ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልሰማሁም። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ መች ተማርን!

ከእሱ በፊት የነበረው ጳጳስ ሞተና ካርዲናል የሚባሉት ትልልቅ ቄሶች ተተኪ መምረጥ አቃታቸው አሉ። ከጀርባቸው ሁለት ኃይለኛ ቤተሰቦች አሉ፤ አንዱ የወደደውን ሌላው አይወድም። ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ... መጨረሻ ላይ ተራራ ላይ ብቻውን የሚጸልይ ሽማግሌ ትዝ አላቸው። ማንንም ክፉ ስለማይናገር ሁሉም ተስማማ። ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል ይባል የለ? እነዚያ ግን ሣሩን ሾሙት!

አትሳቂ። እኛስ? ጫማ ሻጮቹና ልብስ ሻጮቹ በረድፉ ተጠሪ ሲጯጯሁ ከርመው፣ ቀና ብላ ሰው የማታየውን ሻሽ ሻጯን ኤዶን አይደል የመረጡት? ልማዳችንን ታውቂያለሽ፤ ተጠሪ የሆነ የድሮ ቦታውን ለቆ የኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ኤዶ ደግሞ እምቢ ማለት አትችልም። ለለመናት ሁሉ "እሺ" ስትል የለቀቀችውን ቦታ ለሦስት ሰው ሰጠችው! ሽማግሌውም አንዱን ሹመት ለብዙ ሰው ይሰጥ ነበር አሉ። ቤተ መንግሥቱ ያስቀመጠው ንጉሥ "ፈርም" ሲለው ይፈርማል። ግራ ሲገባው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ጎጆ አሠርቶ ተደበቀ... ምስኪን።

ታዲያ አንድ ሕግ አዋቂ ካርዲናል ነበር። አዛኝ። ሽማግሌው "ሹመቱን ብተወው ይፈቀድልኛል?" ሲለው፣ "እንዴታ! ማን ይከለክልሃል?" አለው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው?... ራሱ መካሪው! በግድግዳ ቀዳዳ "ልቀቅ፣ ልቀቅ" እያለ ይንሾካሾክበት ነበር የሚሉም አሉ። ወሬ ነው፣ እኔ አላምንም። ምክር እኮ እንደ እኛ ረድፍ ፊት ለፊት፣ እጅ ይዞ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጋብዞ ነው።

ወላሂ፣ የእኛዋን ደግ ሴት አላህ ይጠብቅልን። ስሟን አልጠራም፤ ሰውን ፊቱ ላይ ማመስገን ጥሩ አይደለም ይላሉ። ግን ለሰው ድካም እንደሷ የሚያዝን አይተሻል? ገና ያልደከማትን እንኳ ቀድማ "ደክሞሻል" ትላታለች! ኒሟ ሥርም እንዴት ያምርባታል። ፊቷ ፈካ አላለም?

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ኤዶ ግን ወዲያው ነው የተመከረችው፤ ተጠሪነቱንም በማግስቱ ለቀቀች... መከራው ታዲያ ለምን መጣ? የድሮ ቦታዋን ሦስቱ ተካፈሉት፣ እሷን ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጧት። ቀያዮቹ ሻሾቿ ሮዝ ሆነዋል። ምናለበት፣ "አዲስ ቀለም ገባ" ብለን እንሸጣቸዋለን! ዛሬ ዕቃዋን አልዘረጋችም። "ከእንግዲህ ቤቴ እቀመጣለሁ" ብላኛለች። ጥላው እኮ ሰፊ ነበር፤ ለአንዲት አሮጊት አያንስም... ግን ደግ ሰው ብዙ ቦታ ሳይፈልግ አይቀርም።

ሽማግሌውማ፣ አዲሱ ጳጳስ በጣም ስለሚሳሳለት ግንብ ውስጥ ቆለፈበት። እዚያው ሞተ። ኤዶ ግንብም አልደረሳት። ግንብ እኮ ጥላ አለው።

አቦ፣ ወደ ኒሟ ዞር አትበይ! ምን አልኩ? ስለ ሮማ ነው የማወራው።

በይ ተነሺ፣ ደንበኛ መጣ። ያቺን ደግ ሴት ግን ሳልመርቃት አልነሣም። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው። ጤናዋን ይስጣት፣ ጥላው ሥር ያቆያት። ፀጉሯ ሸብቶ ጉልበቷ ሲከዳት ደግሞ፣ ልክ እንደ ራሷ ያለች አዛኝ መካሪ ከአጠገቧ አያሳጣት።

አሚን በይ እንጂ፣ ፋርሂያ... ጮክ ብለሽ።