ሙቀቱ ያገኘው ብረት

በአንድ የገጠር ከተማ ሆስፒታል፣ የፊዚዮቴራፒ ክፍል፤ አቶ ይስማው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ጭናቸውን ገልጠው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባለሙያዋ ሰርካለም የሙቀት ማሽኑን አጥፍታ ፊታቸው ቆማለች፣ ልጃቸው ምንይችል ከበሩ ውጭ ይጠብቃል።

ሰርካለም፦ አልከፍትም አልኩ፣ አልከፍትም! ይሄ ምንድን ነው? ቆዳዎ እኮ ተቃጥሏል።

ይስማው፦ ትንኝ ነክሶኝ ነው።

ሰርካለም፦ ትንኝ ውኃ አስቋጥራ ትሄዳለች? ባለፈው ማሽኑ ሲያቃጥልዎ ለምን ዝም አሉ?

ይስማው፦ ታዲያ ወንድ ልጅ ለሙቀት ይጮሃል? ደግሞ እኮ ጉልበቴን ለቀቅ አድርጎልኝ ነበር። በሞቴ ክፈችው።

ሰርካለም፦ አባባ፣ ይሄ ማሽን እሳት የለውም። እንደ ሬዲዮ ሞገድ ነው የሚለቀው። ሞገዱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ያሞቃል፣ ሕመሙን ያላላል። ብረት ካገኘ ግን ሙቀቱ እዚያው ይከማችና ዙሪያውን ይጠብሰዋል።

ይስማው፦ የሬዲዮ ሞገድ? ሬዲዮ ስንት ዘመን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ኖርኩ፣ መች ጠበሰኝ?

ሰርካለም፦ እሱ ከሩቅ ደክሞ የሚመጣ ነው። ይሄ ጭንዎ ላይ ተደግኖ ነው። አሁን ይንገሩኝ፣ ውስጥ ብረት አለ?

ይስማው፦ ከየት አምጥቼ! እግሬን የጎዳችኝ በቅሎ ናት፣ ጥላኝ ነው አልኩሽ።

ሰርካለም፦ ጥሩ። ራጅ ይነሡና እናያለን። ምንይችልን ልጥራው፣ ደግፎ ይውሰድዎ።

ይስማው፦ ተይ! እሱን አትጥሪው። ራጁም ይቅር።

ሰርካለም፦ ለምን?

ይስማው፦ በሩ ተዘግቷል?

ሰርካለም፦ ተዘግቷል።

ይስማው፦ ጥይት ነው።

ሰርካለም፦ በስመ አብ! ባለፈው ጠይቄዎት አልነበር?

ይስማው፦ ምንይችል አጠገቤ ቆሞ ነበራ! እሱ ገና የእናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ነው፤ በወሰን ተጣልተን ጎረቤቴ ተኮሰብኝ። የምታውቅ ሚስቴ ብቻ ነበረች፣ እሷም ይዛው ተቀበረች።

ሰርካለም፦ ጎረቤትዎስ?

ይስማው፦ አለ። ሰንበቴ አብረን እንጠጣለን።

ሰርካለም፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ።

ይስማው፦ የእኛው የወጋውም አልረሳ። ጽዋውን ሲያቀብለኝ ዓይኔን አያይም።

ሰርካለም፦ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻሉት?

ይስማው፦ አራት ወንዶች አሉኝ፣ እሱም ወንዶች አሉት። አንዱ የአባቴን ደም ብሎ ቢነሣ ማን ይመልሰዋል? ይሄ ምንይችል ደግሞ ለዶሮ እንኳ ዱላ የሚያነሣ ቁጡ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ሰርካለም፦ አዝናለሁ፣ ግን ብረት እንዳለብዎ ልጅዎ ማወቅ አለበት። ነገ ሌላ ሆስፒታል ወስዶ ያስጠብስዎታል።

ይስማው፦ ከየት የመጣ ብረት ነው ቢልስ?

ሰርካለም፦ እሱን እርስዎ ይመልሱለት። እኔ ለበሽተኛ ቤተሰብ ዋሽቼ አላውቅም።

ይስማው፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ!

ሰርካለም፦ ገባኝ፤ ግን ሥራዬ ነው።

ይስማው፦ እንግዲያው ክፈችው! ልጆቼ ከሚነዱ የእኔ ጭን ይጠበስ።

ሰርካለም፦ ኧረ አባባ፣ የማሽኑን ቁልፍ ይልቀቁ!

ይስማው፦ አንቺ አባት የለሽም?

ሰርካለም፦ የለኝም።

ይስማው፦ ምን አገኘው?

ሰርካለም፦ ገደሉት። እናቴ የገዳዩን ስም ለወንድሜ ነገረችው። ወንድሜም ጠመንጃውን ይዞ እንደወጣ ቀረ።

ይስማው፦ እኔን ልጄን!

ሰርካለም፦ በሩ እየተንኳኳ ነው። ሱሪዎን ይሳቡ።

ይስማው፦ ምን ልትዪው ነው? ሰርካለም! ወዴት ነው? ተመለሽ እንጂ!

ሰርካለም፦ ግባ ምንይችል። አባትህን ሁለተኛ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ እንዳታስተኛቸው፤ በቅሎዋ ስትጥላቸው የእርካቡ ስባሪ ጭናቸው ውስጥ ቀርቶ ኖሯል።